የምስለኔው ኮሶ

በእኛ አገር በቀጨም፣ አንድ ሰው ከተቀመጠበት ወንበር አልነሣም ብሎ ሙጭጭ ሲል፣ ወይም በሽተኛ መድኃኒቱን አፉ ድረስ አምጥቶ ሲመልሰው፣ አጠገቡ ያለ ሽማግሌ አንዲት ተረት ጣል አድርጎ ይነሣል። የቀጨም ሰው ሲሰማት ይስቃል። ከተማ የተወለዱት ልጆቻችን ግን አይስቁም፤ ወንበርና ኮሶ ምን አገናኛቸው ብለው ይጠይቃሉ። እነርሱም አይፈረድባቸው፤ ኮሶን የሚያውቁት ፊቱን ያጨማደደ ሰው ሲሰደብበት ብቻ ነው። ተረቷን አሁን አልነግራችሁም። ታሪኳን ሳይሰሙ ተረቷን መስማት ጨው የሌለው ወጥ መብላት ነው። ታሪኩን የሰማሁት በነገሩ ውስጥ መልእክተኛ ከነበረው ከባሻ ጎንጤ የልጅ ልጅ ሲሆን፣ ያ ቤተሰብ ከሰማው ቃል አንዲት የማይጨምር በመሆኑ የጎደለውን እኔ ሞልቼዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ድሮ፣ አገር በምስለኔ በሚተዳደርበት ዘመን ነው። ደጃዝማቹ ከተማ ተቀምጠው በየወረዳው በስማቸው የሚገዛና የሚፈርድ ሰው ያስቀምጡ ነበር፤ ያ ሰው ምስለኔ ይባላል። ከባላምባራስ አጥናፍሰገድ በፊት በቀጨም የነበረው ምስለኔ፣ ጠዋት ችሎት ተቀምጦ ሲፈርድ አንድ መልእክተኛ መጥቶ አንዲት ቃል ነገረውና ከሰዓት በኋላ በሬ ጠምዶ ታየ። ቃሏ "ተሽረሃል" የምትል ነበረች። ባላምባራስ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። እንዲያውም የሰውየው ወንበር ገና ሳይቀዘቅዝ ነው እርሳቸው የተቀመጡበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከነብርም ከወባም ይልቅ የሚፈሩት ሽረትን ሆነ።

ሽረት የማይፈራ ሹም የለም። የእርሳቸው ፍርሃት ግን ከነገሩ አልፎ ቃሉን ያዘ። "ሻረ" የሚል ድምፅ ያለበት ነገር ሁሉ በግቢያቸው እንዳይነሣ አዘዙ። ይህን ትእዛዝ የሚያስፈጽመው አጋፋሪ ጥላዬ ነበር፤ ሥራው እንግዳ ማስገባትና ማስወጣት ቢሆንም፣ ጌታው ሊያስነጥሱ ሲሉ ገና ከአሁኑ "ይማርዎ" ለማለት አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ነው።

በመጀመሪያ የተጎዳችው ወጥ ሠሪዋ ናት። ጾም ገባና ሽሮ ሠራች። አጋፋሪ ጥላዬ ከማድ ቤት በር ላይ ቆሞ ምን እንደ ሠራች ጠየቃት።

"ሽሮ" አለችው።

"ማን ማንን ሽሮ?" ብሎ ጮኸባት።

ከዚያ ወዲያ ሽሮ በዚያ ግቢ "ሾሞ" ተባለ። "ሾሞ ይጨመርልዎ?" "ትንሽ ሾሞ ጣል አድርጊበት" እየተባለ ጾሙ አለቀ። የደብሩ ቄስም ሰንበትን ስለ ሻረ ሰው ሊያስተምሩ ተነሥተው፣ መሐል ላይ የባላምባራስን ፊት ቢያዩ "ሰንበትን… እንዲያው ያልሆነ ነገር ያደረገ ሰው" ብለው ቁጭ አሉ።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው ችሎቱ ነው። ባላምባራስ ያለ አግባብ የፈረዱት ፍርድ ቢኖር ማን ደፍሮ "ይሻርልኝ" ይበል? መሬቱ ለጎረቤቱ የተፈረደበት አንድ ገበሬ በየችሎቱ ቀን እየመጣ "ጌታዬ፣ ፍርዱ… ያ ፍርድ…" እያለ ሲንተባተብ ውሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። በቀጨም አንድ ጊዜ የተፈረደ እንደ ተፈረደ ቀረ። ቃል ሲከለከል የሚጠቀም ሰው እንዳለ ያኔ ነው የታወቀው።

ባላምባራስ ደግሞ ሆዳቸውን አይችሉም። ባለጉዳይ ሹም ፊት ባዶ እጁን አይቀርብም፤ መታያ ይዞ ነው የሚመጣ። መታያው ሙክት ከሆነ ይታረዳል፣ ወይፈን ከሆነም ይታረዳል፤ ጎድኑና ሻኛው በጥሬው በአዋዜ ይበላል። ተካሳሽ ሲያመጣ ይበላሉ፣ ከሳሽ ሲያመጣም ይበላሉ፤ በዚህ በኩል አድልዎ አያውቁም ነበር።

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ደግሞ ኮሶ ይታይበታል። ኮሶ ሁለት ነገር ነው፤ ሆድ ውስጥ የሚኖረው ረጅሙ ትል ኮሶ ይባላል፣ እርሱን የሚያወርደው የዛፍ አበባም ኮሶ ይባላል። በዚያ ዘመን ነውር አልነበረም። ጌታም ሎሌም በየጊዜው ይጠጣዋል፤ የጠጣበት ቀን በሩ ይዘጋል፤ "ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል" ከተባለ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይቀየም ተመልሶ ይሄዳል። ባላምባራስም ሲበሉ እየከሱ፣ ሆዳቸውን እየነፋቸው ቢቸገሩ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጥሻቸው እማማ ማንጠግቦሽን አስጠሩ።

እማማ ማንጠግቦሽ የቀጨም ባለመድኃኒት ናት። ለምች ዳማ ከሴ፣ ለቁርጠት ጤና አዳም ከእርሷ ደጅ አይታጣም፤ ስሟ የወጣው ግን በኮሶ ነው። ቀዩን አበባ ከሴቴው ዛፍ ታስለቅማለች፣ ጥላ ላይ ታደርቃለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች። ስትለካ የምታየው የሰውየውን አካል ነው፤ ለሹም ብላ አትጨምርም፣ ለድኻ ብላ አትቀንስም። ምላሷ መድኃኒቷን ያህል ይመራል። አንድ የማትተወው ልማድ አላት። ዋንጫውን ለጠጪው ስትሰጥ "የሚያሽር ያድርግልህ" ትላለች፤ ጠጪው "አሜን" ካላለ ዋንጫውን ከእጇ አትለቅም።

እንግዲህ ሻረ ማለት ሁለት ትርጉም እንዳለው የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሹም ከወንበሩ ሲነሣ ተሻረ ይባላል፤ ቁስል ሲደርቅ፣ በሽታ ሲለቅ ደግሞ ሻረ ይባላል። ባላምባራስም ያውቃሉ። ፍርሃታቸው ግን አንደኛውን ትርጉም ብቻ ነበር የሚሰማው።

ጠዋት በባዶ ሆዳቸው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ሲጠብቁ እማማ ማንጠግቦሽ ዋንጫውን ዘረጋች። "የሚያሽር ያድር…" ብላ ሳትጨርስ አጋፋሪ ጥላዬ በመሐላቸው ገባ። ምን ልትል እንደ ሆነ ቢጠይቃት ሁልጊዜ የምትለውን እንደ ሆነ ነገረችው። ያ ቃል በዚህ ቤት እንደማይባል አስታወቃት።

"ታዲያ ምን ልበል?" አለች። "የሚያቆይ ያድርግልዎ ልበል?"

ማሾፏ ነበር። ባላምባራስ ግን ጭንቅላታቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ደግ ምርቃት ሆኖ ታያቸው። አጋፋሪ ጥላዬ ከዚህም የተሻለ አገኘ፤ "የሚያሾም ያድርግልዎ" እንድትል አዘዛት።

እማማ ማንጠግቦሽ ዋንጫውን አየች፣ ቀጥሎ የባላምባራስን ሆድ አየች። "ዋንጫው ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው፣ ሆድ ውስጥ ያለው ትል ነው። የትኛው እንዲሾም ነው የምትሹት?"

"ዝም ብለሽ በይ" አላት አጋፋሪው።

አለች። እንዲያውም ጎረቤት እስኪሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለች። ባላምባራስም "አሜን" ብለው ያን መራራ ነገር ጨልጠው ፊታቸውን አጨማደዱ።

ኮሶ ግን ተጠጥቶ አያበቃም። ትሉ ተቆርጦ ተቆርጦ ይወርዳል እንጂ፣ ራሱ ነክሶ ከቀረ መልሶ ያድጋል። ስለዚህ ባለመድኃኒቷ ደጅ ተቀምጣ መሻሩንና ራሱ መውረዱን ጠይቃ ማረጋገጥ አለባት። እማማ ማንጠግቦሽም ከጓሮው አጥር ውጭ ተቀመጠች፤ ጊዜው ሲደርስ ወደ ውስጥ "ሻረ ወይ?" ብላ ተጣራች።

አጋፋሪ ጥላዬ እየሮጠ መጣና ዝም እንድትል ለመናት። እሺ፣ ይህንንም ትተወው፤ ቢያንስ ራሱ ወርዶ እንደ ሆነ ይንገራት። አጋፋሪው ይህን ሲሰማ ዘወር ዘወር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየ። በእርሱ ጆሮ ራስ ማለት የማዕረግ ስም ነው፤ ራሶች ደግሞ ከደጃዝማቹም በላይ የሆኑ ታላላቅ መኳንንት ናቸው። የትኛው ራስ እንዲወርድ እንደምትመኝ በሹክሹክታ ጠየቃት።

"የትሉ ራስ ነው እንጂ የምን ራስ" አለች እማማ ማንጠግቦሽ። "ራሱ ካልወረደ አይሽርም።"

በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት አመፅ። አጋፋሪው ክንዷን ይዞ ከግቢው አካባቢ አባረራትና ወደ ጌታው ተመለሰ። ኮሶው እንዴት እንደ ሆነ ባላምባራስ ሲጠይቁት እጅ ነሥቶ "ተሾመ" አላቸው። እርሳቸውም ሆዳቸው ለጊዜው ቀለል ስላላቸው እንደ ዳኑ ቆጠሩት። እማማ ማንጠግቦሽ ሥጋ ለጥቂት ጊዜ እንዲቀርባቸው ለወይዘሮ በለጥሻቸው ነግራ ነበር፤ ባላምባራስ ግን በዚያው ቀን ምሳ አስቀርተው ለራት ጎድን አስቆረጡ።

እውነትም ተሾመ። ባላምባራስ በቀጨም ላይ እንደ ተሾሙ ትሉ በባላምባራስ ላይ ተሾመ። የመጣውን መታያ እርሳቸው ያኝካሉ፣ እርሱ ይወፍራል። ቀጨም ይህን አስተዳደር ስለሚያውቀው አልደነቀውም።

ሰውነታቸው እያለቀ ሲሄድ አጋፋሪ ጥላዬ ከየአገሩ ባለመድኃኒት ያስመጣ ጀመር። ከቆላ እንቆቆ የሚባለውን የትል መድኃኒት ይዞ የመጣው ሰውዬ "ይህ የማያሽረው የለም" ብሎ ገና ከረጢቱን ሳይፈታ ተመለሰ። ቀንድ ተክለው ደም የሚስቡት፣ ዋግምት የሚያደርጉት ሽማግሌ፣ መጥፎው ደም ሲወጣ ሕመሙ እንደሚሽር ማስረዳት ሲጀምሩ ቀንዳቸውን ታቅፈው ወጡ። ጸበል የሚያጠምቁት አባት እንኳ "እንደ እምነትዎ ይሽራል" ስላሉ ከበር ተሸኙ። የቀናው አንድ ወጌሻ ብቻ ነው። እርሱ አስቀድሞ ሰው መክሮት ነበርና አንድ ቃል ሳይተነፍስ የባላምባራስን እግር በቅቤ ሲያሽ ውሎ በግ ተሸልሞ ሄደ። እግራቸው ምንም አልሆነም ነበር።

እኔ እየሳቅሁ አወራዋለሁ እንጂ ወይዘሮ በለጥሻቸው አልሳቁም። የባላቸው ቀለበት ከጣታቸው እየወለቀ ሲወድቅ ያነሡ የነበሩት እርሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ችሎቱ ተበትኖ፣ ባላምባራስ ግድግዳ ይዘው ወደ እልፍኝ ሲገቡ፣ ወይዘሮ በለጥሻቸው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

"በዚህ ቤት ሞት ቀኑን ሙሉ ስሙ ይጠራል" አሉ። "ልሙት ይባላል፣ አፈር ስሆን ይባላል፤ የሚቆጣ የለም። ሽረትን የጠራ ግን ይባረራል። እርስዎ አሁን የሞት ሽረት ላይ ነዎት፤ እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንድጠራ ነው የተፈቀደልኝ።"

ባላምባራስ ወደ በሩ አዩ። "ቀስ በይ" አሉ፣ "ሰው ይሰማል።"

ወይዘሮ በለጥሻቸው ከዚህ በኋላ መምከር ተዉ። ባላቸው እንደ ታመሙ፣ ኮሶ እንደ ጸናባቸው፣ ለደጃዝማቹ በዘመድ አስነገሩ። ደጃዝማቹ ባላምባራስን አይጠሉም ነበር፤ ግብር በጊዜው የሚልክ ምስለኔ ማን ይጠላል። በግቢያቸው ካለው የኮሶ ዛፍ አስለቅመው ያስደረቁትን አበባ በጨርቅ አስቋጠሩ፣ ለአፍ ማጣፈጫ አንድ ቅል ማር አስጨመሩበትና ባሻ ጎንጤን ጠሩ። ባሻ ጎንጤ የተሰጠውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ደጃዝማቹም ዕቃውን እንዲሰጥ፣ "ይሻር ብለዋል" ብሎም እንዲነግር አዘዙት።

ባሻ ጎንጤ ቀጨም የደረሰው በችሎት ቀን ነው። ባላምባራስ ከግቢው በር ውጭ፣ ከሚፈርዱበት ጥድ ሥር ተቀምጠዋል፤ ባለጉዳዩ ከፊታቸው ቆሟል፤ ያ የፈረደበት ገበሬም እንደ ልማዱ ሊንተባተብ መጥቷል። ባሻ ጎንጤ ከበቅሎው ወርዶ፣ ጥቅሉን በብብቱ እንደ ያዘ እጅ ነሣ።

"ደጃዝማች ልከውኝ ነው። ይሻር ብለዋል።"

 ከሁሉ ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ገበሬው ነው፤ የርሱ ፍርድ የተሻረ መስሎት መሬት ሳመ። ባላምባራስ ግን የማንን መሻር እንደሚሰሙ አልተጠራጠሩም። ስንት ዓመት ሙሉ በእንቅልፋቸው የሚመጣው መልእክተኛ ይኸው በቅሎ ላይ ተቀምጦ መጣ።

"ማን?" አሉ ለይምሰል።

"እርስዎ ነዎት እንጂ ሌላ ማን አለ" አለ ባሻ ጎንጤ።

ያን ጊዜ እነዚያ ግድግዳ ይዘው የሚሄዱት ሰው ያለ ደጋፊ ተነሥተው ቆሙ። "አልሻርም" አሉ። "ምን አጥፍቼ እሻራለሁ? አጥናፍሰገድ አይሻርም ብለህ ንገራቸው። ከፈለጉ ራሳቸው መጥተው ይሻሩኝ።"

ባሻ ጎንጤ ብዙ አገር አይቷል፤ መዳን እንቢ ያለ በሽተኛ ግን አላጋጠመውም ነበር። ጥቅሉን ሊሰጥ እጁን ሲዘረጋ አጋፋሪ ጥላዬ ውስጡ ያለው ሰንሰለት መሆኑን አውጆ ነጠቀውና ወደ አጥሩ ወረወረው። ባላምባራስ ወደ ግቢ ገቡና በሩ ተዘጋ፤ ሁለት ሎሌዎች ጠመንጃ አውጥተው በአጥሩ ላይ ደገኑ። ባሻ ጎንጤ ስለ ጥቅሉ የሚናገረው ቃል አልተሰጠውምና ምንም ሳይናገር በቅሎውን አዙሮ ሄደ።

ደጃዝማቹ የታመመው ሰው ምን እንዳለ ጠየቁት። "አልሻርም፤ ከፈለጉ ራሳቸው መጥተው ይሻሩኝ" እንዳለ ነገራቸው። ኮሶውንስ ቢሉት፣ አጥር ላይ እንደ ወረወሩት፣ ጠመንጃም እንደ ደገኑበት አስረዳ። መጀመሪያ ደጃዝማቹ ሳቁ፤ ሹማምንቱም አብረው ሳቁ። ነገር ግን ጌታ የሳቀበትን ነገር መልሶ ሲያስበው አይስቅም።

"ጤና ብመኝለት በር ዘግቶ ጠመንጃ ደገነብኝ" አሉ ደጃዝማቹ። "ክፉ ብመኝለትማ ምን ሊያደርግ ኖሯል?" ባሻ ጎንጤን አስጠግተው፣ ወታደር ጨምሮ እንዲመለስና ያንኑ ቃል እንዲደግም አዘዙት። ባሻ ጎንጤም የቃሉ ትርጉም ያው ይሁን ወይም ይለወጥ አልጠየቀም፤ ትርጉም ማድረስ ሥራው አልነበረም።

በቀጨም በኩል ደግሞ ወይዘሮ በለጥሻቸው ጥቅሉን ከአጥሩ እሾህ ላይ አውርደው ፈቱት። ቀይ የደረቀ አበባና አንድ ቅል ማር አገኙ። ይዘው ገብተው በባላቸው ጉልበት ላይ አስቀመጡት። "ይኸው ሰንሰለትዎ" አሉ።

ባላምባራስ አበባውን አሸተቱ። ቀስ በቀስ ገባቸው። "ይሻር ያሉት ለካ ለጤናዬ ነው" አሉ፤ ቃሏ በበጎ ትርጉሟ ከገዛ አፋቸው ወጣች። አጋፋሪ ጥላዬ እንደ ልማዱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ የማንን አፍ እንደሚይዝ ቢቸግረው ተመልሶ ተቀመጠ። ባላምባራስ አፈሩ፤ ከማፈራቸው ይልቅ ግን ደስታቸው በዛ። ደጃዝማቹ ይወዷቸዋል። ሊሽሯቸው ሳይሆን ሊያሽሯቸው ነው የላኩት።

ወይዘሮ በለጥሻቸው አሁኑኑ በፈረስ ሰው ልከው ይቅርታ እንዲጠይቁ መከሯቸው። ባላምባራስ ግን ባዶ እጅ አይኬድም አሉ። ለደጃዝማቹ የሚመጥን መታያ መሰብሰብ ነበረበትና ሎሌዎቻቸውን በየመንደሩ ሰደዱ፤ ከዚህ ሙክት፣ ከዚያ ማር፣ ከወዲያ ቅቤ ይለቀም ጀመር። ይቅርታውን የሚከፍለው እንግዲህ ያው የቀጨም ገበሬ ነበር። ኮሶውንም ቢሆን ከይቅርታው በኋላ ደስ ብሏቸው ሊጠጡት አቆዩት። መታያው ግማሽ ሳይደርስ የባሻ ጎንጤ በቅሎ ከወንዙ ማዶ ታየች።

ባላምባራስ ሌላ መታያ አላስፈለጋቸውም፤ ደጃዝማቹ አስቀድመው ይቅር ያሉ መሰላቸው። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ በባለቤታቸው ትከሻ ተደግፈው እስከ በሩ ውጭ ወጡ። ሕዝቡም ወጣ። ከባሻ ጎንጤ ኋላ የተሰለፈውን ወታደር ለክብራቸው የመጣ አጀብ አድርገው ቆጠሩት።

"ደጃዝማች ምን አሉ?" አሉ ፊታቸው በርቶ።

"ይሻር ብለዋል።"

"አሜን" አሉ ባላምባራስ። "አሜን፤ የእርሳቸውንም ዕድሜ እንደ ማቱሳላ ያርዝመው።" ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ። አጋፋሪ ጥላዬም ከኋላ ሆኖ አሜን አሜን እያለ አጨበጨበ። ወይዘሮ በለጥሻቸው ብቻ የወታደሮቹን ፊት ያዩ ነበር።

ባሻ ጎንጤ በመልእክተኝነት ዘመኑ ብዙ ሰው ሽሯል፤ ያለቀሰ አለ፣ የተሳደበ አለ፣ ጫካ የገባ አለ። መሬት ስሞ ያመሰገነ ይህ የመጀመሪያው ነው። ምርቃቱ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ ጠመንጃዎቹንና የግቢውን ቁልፍ እንዲያስረክቡ ጠየቃቸው።

"ለምን?" አሉ ባላምባራስ።

"ስለ ተሻሩ።"

ባላምባራስ የሳሙትን መሬት አዩ።

"አሜን ብለዋል እኮ" አለ ባሻ ጎንጤ፣ ሰውየውን ለማጽናናት ያህል።

ባላምባራስ አጥናፍሰገድ ወደ አባታቸው ርስት፣ ወደ አንዲት ሣር ክዳን ቤት ተመለሱ። የሚያጅባቸው አልነበረም፤ አጋፋሪ ጥላዬ እንደ ሆነ በዚያው ቀን የአዲሱን ጌታ ኮርቻ ሊወለውል ቀርቷል። የመጡ ቀን ወይዘሮ በለጥሻቸው ልብስ እንኳ ሳይፈቱ እማማ ማንጠግቦሽን ጠሩ። ያንኑ የደጃዝማቹን ኮሶ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በጠዋት በጥብጣ ዋንጫውን ዘረጋች። ዓይናቸውን ትኩር ብላ እያየች "የሚያሽር ያድርግልዎ" አለቻቸው።

ባላምባራስ ዋንጫውን ይዘው ሳቁ። ከተሾሙ ወዲህ ሲስቁ ያየቻቸው የዚያን ዕለት ነው። "ከእንግዲህ ወዲያ ምን ይሽረኛል" አሉ። "አሜን።" ማሩ ቀርቦላቸው ነበር፤ ሳያጣፍጡት ጨለጡት።

እማማ ማንጠግቦሽ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጣ ጠበቀች። ጊዜው ሲደርስ ድምፅዋን ለቃ "ሻረ ወይ?" አለች።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ስንት ጊዜ አፍነው የያዙትን ድምፅ ያን ቀን አወጡት። "ሻረ" አሉ፣ አገሩ ሁሉ እስኪሰማ፤ "ራሱም ወረደ።" ብለውም ከጓሮው መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ጎረቤቱ እልል አለ። እልልታው ለኮሶው ይሁን ለሹመቱ በቀጨም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ክረምት አልፎ ጥቢ ሲሆን ባላምባራስ ሞፈር ጨብጠው ያርሱ ነበር። ጉንጫቸው ሞላ፤ ቀለበታቸውም ጣታቸው ላይ ቆመ። አንድ ቀን እማማ ማንጠግቦሽን ሊያመሰግኑ አንድ ቅል ማር ይዘው ሄደው ከደጇ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ አጋፋሪ ጥላዬ በሩቅ ታየ። ባላምባራስን ሲያይ ወደ ሌላ ጎን እያየ እጅ ነሣ። አዲሱ ምስለኔ ኮሶ ታይቶባቸው፣ ሰውነታቸው እያለቀ መሆኑን ለእማማ ማንጠግቦሽ ነገራት። መድኃኒቱን ነገ ጠዋት ይዛ እንድትመጣ፣ ምርቃቷን ግን ቤቷ ትታ እንድትመጣ ለመናት፤ ምክንያቱም ጌታው ከቃላት ሁሉ ያችን አንዲት ቃል አይወዷትም።

ባላምባራስ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ያዙ። እማማ ማንጠግቦሽ ዘነዘናዋን ሙቀጫው ውስጥ አቆመችና አጋፋሪውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። "ሂድና ለጌታህ ንገራቸው" አለችው፤ "ሽረት የፈራ ኮሶ ሲቀልብ ይኖራል።"